ስምንት ፊርማ

ጥቅምት 5

እንደ ሁልጊዜው ነበር የጀመረው። የስፌት አዳራሹን ከፈትኩ፣ ሴቶቹን በየመኪናቸው አስቀመጥኩ፣ ኮሌታ ገጣሚዎቹ ላይ ጮህኩ። አምስት ሰዓት ላይ የሰው ኃይል ኃላፊዋ አስጠራችኝ። "መጠጥ መጠጥ ትሸቻለሽ" አለች፣ ፊት ለፊት። ሃያ ዓመት ላገለገልኳቸው... ወይ ስምንት ቅዳሜ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ስብሰባ ገብቼ አስፈርማለሁ፣ ወይ ስንብት። ወረቀት ሰጠችኝ። ስምንት ባዶ መስመር አለው።

ጥቅምት 6

ስብሰባውን ታላቅ እህቴ አገኘችልኝ። የጎረቤቷ ባል እዚያ ሄዶ ነው አሉ የተወው። "አንቺ ብቻ ሂጂ፣ የኔ እህት፣ ማንም ምንም አይልሽም።" ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ጥቅምት 9

ድንቄም ስብሰባ! ሙአለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ። የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ዘጠኝ ሰው ነን። ሰብሳቢው ቀና ሲል... መካኒኩ! የኛ ፋብሪካ የስፌት መኪና መካኒክ የነበረው። ከሦስት ዓመት በፊት ተባረረ። ያባረረው የኔ ሪፖርት ነው።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ወረቀቱን ስሰጠው ያለፈውን አላነሳም። ፈረመ። "ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ አትርፈጂ።" ድሮ "እርስዎ" ነበር የሚለኝ።

ቤት ገብቼ ጠጣሁ። ለምን አልጠጣ?

ጥቅምት 23

ሦስተኛ ፊርማ። ሰዎቹን ማየት አልፈልግም። ታክሲ ነጂው ያለቅሳል። ጡረተኛዋ መምህርት ያንኑ ታሪክ በየሳምንቱ ታወራለች። ያጨበጭቡላቸዋል... ለምኑ? ተራዬ ሲደርስ "ይለፈኝ" እላለሁ።

ይሄ ሰውዬ ቂሙን መቼ ነው የሚወጣው? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መጨረሻው ላይ አልፈርምም ሊል ይሆናል፣ ተንኮለኛ።

ኅዳር 7

ዛሬ ራሱ መካኒኩ ተናገረ። ታክሲ ነጂው እንደገና ጀምሮ ስለነበር ለሱ ብሎ ነው።

"ከመሣሪያ መሳቢያዬ ጠርሙስ ተገኘ። እዚያ ማስቀመጤን በጭራሽ አላስታውስም። መባረሩ አይደለም ያስደነገጠኝ... እጄ የሠራውን ጭንቅላቴ አለማወቁ ነው። በዚያው ተውኩት።"

አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄን ይቁረጠው!

ጠርሙሱ የኔ ነበር። ፍተሻ መጣ ሲባል ደንግጬ ከጋዎኔ ኪስ አውጥቼ የሱ መሳቢያ ውስጥ ወሸቅኩት። ሲገኝ ሪፖርቱን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። መጠጣቱን ሁሉ ሰው ያውቃል፣ ማን ይጠረጥራል? ለካ እሱም አምኖታል።

ኅዳር 8

ብነግረውስ? ምን ይጠቅመዋል? ተወው አይደል እንዴ? እንዲያውም ሊያመሰግነኝ ይገባል... ወይ ድፍረት! ደግሞ ከነገርኩት ፊርማው ቀረ፣ ሥራዬም ቀረ። ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ።

ኅዳር 21

ሰባት። አንድ ቀረኝ። ሁለት ሳምንት አልጠጣሁም። ለማንም አልተናገርኩም፣ እንዳያጨበጭቡብኝ።

ስንወጣ መምህርቷ ክንዴን ይዛ ስለ መካኒኩ አወራችኝ። ማን ጠየቃት? የዋለበትን፣ የነካውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል አለች። ሚስቱ ጨው ጨምረሃል ወይ ብላ ስትጠይቀው እንኳ ደብተሩን ያያል። "በራሱ አያምንም እኮ፣ ምስኪን።"

ምሳ አልበላ አለኝ።

ኅዳር 28

ሁሉም እስኪወጡ ጠበቅኩ። እስክሪብቶውን አንስቷል።

"አትፈርም" አልኩት። "ጠርሙሱ የኔ ነበር።"

"የቱ ጠርሙስ?"

"መሳቢያህ ውስጥ የተገኘው። እኔ ነኝ የከተትኩት። አንተ የረሳኸው ነገር የለም።"

ፊቱ አመድ መሰለ። "ሦስት ዓመት..." አለ። ከዚያ ጮኸ። "ሦስት ዓመት ሙሉ የገዛ ራሴን እንደ ሌባ ስጠብቅ!" ወረቀቴን ጨምድዶ ወረወረው። "ውጪልኝ!"

ወጣሁ። 

ኅዳር 30

ለሰው ኃይል ኃላፊዋ የጠርሙሱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። ጽፌ ፈረምኩበት። "አሁን ይሄን ምን አመጣው?" አለች፣ ሰልችቷት። ስሙን የሚያጸዳ ደብዳቤ ጻፉለት አልኳት። እጽፋለሁ አለች። ካልጻፈች በየቀኑ በሯ ላይ እቆማለሁ። እኔን ግን ከምሳ በፊት መታወቂያዬን ተቀብለው አሰናበቱኝ። እህቴ "አብደሻል እንዴ?" አለችኝ። አብጄ ይሆናል። ግን አልጠጣሁም።

ታኅሣሥ 5

ሄድኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። መካኒኩ ዓይኑ ደም መስሏል። ጠጥቶ ይሆን?  ገና ሲጀምር ተናገረ። "ይሄን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አልጠጣሁም።" ምን እንደገጠመው አላወራም።

ተራዬ ደረሰ። "ጠጪ ነኝ" አልኩ። "ሰው በሐሰት አስባርሬያለሁ።" ማንም አላጨበጨበም። እግዜር ይስጣቸው።

ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ? የምታስፈርሚው የለሽ።"

"ቤት ከተቀመጥኩ እጠጣለሁ።"

"ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ሳይሽ ደሜ ይፈላል።"

"ይፍላ" አልኩት።

በሩን ቆለፈ። "ቅዳሜ ወንበር የምትደረድሪው አንቺ ነሽ። ከሰው ቀድመሽ ነይ።"

ሃያ ዓመት ሰው ሳዝ ኖሬ... እሺ አልኩት።