ደጃፍ ላይ ያለው ጫማ

ሰበታ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

የታመሙትን እናትህን ልትጠይቅ የመን ለሄድከው ለባለቤቴ ለናጂ፤ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዛሬ ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። እኔና ጎረቤታችን ውብአየሁ ሱቅ ውስጥ ሳለን፣ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድህን ጉዳይ የሚያጣራ ሰው መጣ።

«ባልሽ የት አለ?»

«ዓለም ገና፣ እህል ሊገዛ ሄዷል» አልኩት።

«ፈቃዱ ሳይሰጠው ከአገር ከወጣ ማመልከቻው ይሰረዛል።»

ውብአየሁ ቀበል አድርጋ፣ «ትናንት ማታ ሲያስል እንቅልፍ የነሳን ሰውዬ የት ይሄዳል ብለው ነው!» አለችው።

ሰውየው አልሳቀም። «ነገ ራሱን ላየው እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

አንተ ግን እናትህ ሳይሻላቸው አትቸኩል። ጉልበታቸውን ሳምልኝ። አላህ በጤና ያገናኘን።

ባለቤትህ ጠይባ

ደብዳቤውን ሳላሽገው ነጋ። ጧት ጫማህን ከአልጋ ሥር አወጣሁ፤ ተጫምቼው ጭቃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩና አውልቄ ደጃፉ ላይ አኖርኩት። ከዚያም ሱቁን ከፈትኩ።