የቁመቴ ክር

ይድረስ በበየዳ ለሚገኙት ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ሸጊቱ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ! ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱስ እንዴት አሳለፈዎት? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው ወይ? የግራ ዓይንዎ ማልቀሱን ተወ ወይስ አሁንም ጭስ ሲነካው ያነባል? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ከአስታው ዛፍ ሥር ያሉት ቀፎዎችዎ ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ልጅዎ ደብሪቱ፣ ባለቤቴ የሺዋስና ልጃችን ሃና ከእርስዎ ናፍቆት በቀር በአካል ደኅና ነን፤ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየንም። ሃና መዳህ ጀምራለች። ሁለት የታች ጥርስ አውጥታ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ የሺዋስ ይህ አመል የእናቷ ወገን ነው ይላል።

በአካል ደኅና ነን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ልቤ ከነሐሴ ወዲህ ደኅና አይደለም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ አራተኛውን ብቀድ የሺዋስ ደብተሮቹን ሊደብቅብኝ ነው።

ወንድሜ ሀብተ ሚካኤል፣ ለእናታችን ይህን የምታነብላቸው አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። ክፉ ወሬ ስታገኝ እየዘለልክ የማንበብ አመል አለህ። የአክስታችንን መርዶ የያዘውን ደብዳቤ ስታነብ “አክስቴም ሰላም ትላለች” ብለህ በማለፍህ፣ እናታችን የሞተ ሰው ሰላምታ ተቀብለው ተዝካሩ ሲደርስ ነው እውነቱን የሰሙት። ለደግነትህ እንደሆነ አይጠፋኝም። ይህን ግን እንዳለ አንብብ። እባክህ።

እናቴ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከታኅሣሥ ልጀምር። ልወልድ ስል ከአጠገቤ ለመሆን ያን ሁሉ መንገድ በእግርዎ ተጉዘው ደባርቅ መጡ። ምጡ ሁለት ቀን አስጨንቆኝ ወደ ጎንደር ሊወስዱኝ ሳንቃ ላይ ሲያጋድሙኝ ቤቱ ሁሉ ሲላቀስ እርስዎ አላለቀሱም። ከመቀነትዎ ውስጥ የገዛ እጅዎን ፈትል አወጡና ከተረከዜ እስከ አናቴ ለኩኝ። “እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ ከነነፍሷ ብትመልሽልኝ ቁመቷን የሚያህል ጧፍ አስገባለሁ” ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ነገር የለም፤ ስነቃ ሃና ጎኔ ነበረች።

ሰሙን በግንቦት ነጋዴው የኔሰው በበቅሎው ጭኖ አመጣልኝ። በር ላይ ቆሞ የላኩትን ቃል አንድ በአንድ ነገረኝ፦ ሰሙ ከምንም ጋር እንዳይቀላቀል፣ ክሩ እንዳይቆረጥ፣ ለፍልሰታ እንዲደርስ። ጨርቁን ስፈታው ሽታው ቤቱን ሞላው። ያ የለኩበት ክር በሰሙ ዙሪያ ተጠምጥሞ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ በር ጧፍ የሚሸጡት ባልቴት፣ እትዬ ታንጉት፣ ይህን የጧፍና የሻማ ሙያ ሲያስይዙኝ ያስተማሩኝን ፈተና ፈተንኩት። ቆንጥሬ በጥርሴ ነከስኩት፤ ተጣበቀ እንጂ አልፈረፈረም። በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ ለሰለሰ እንጂ ጣቴ ላይ ቅባት አልተወም። የሚፈረፈር ከሆነ የፋብሪካ ሰም ገብቶበታል፤ ቅባት የሚተው ከሆነ ሞራ አለበት። የእርስዎ ሰም ከሁለቱም የጸዳ ነበር። ዓመት ሙሉ ከየቀፎው ያጠራቀሙት፣ ለገበያ ቢያወጡት ስንት ጉድለት የሚሞላ ሰም መሆኑን አውቃለሁ።

ለፍልሰታ ደርሷል። ሌላውን ቃልዎን ግን አፍርሻለሁ።

ጥፋቴ በችግር የመጣ ቢሆን ኖሮ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። በችግር አይደለም፤ በመወደስ ነው። ሲሲ የምትባል የጎንደር ልጅ ከከተማው ዳር፣ ፈረንጆች ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት የሚያድሩበትን ማረፊያ ታስተዳድራለች። ሻማዬን አይታ ወደደችው። ማር ማር የሚሸት ንጹሕ ሰም ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ወፍራም ሻማ ለእራት ጠረጴዛ፣ ደግሞም ክር የሌለው ቁራጭ ሰም። ቁራጩን በፍም ላይ በተጣደች ትንሽ ሸክላ እያቀለጡ ክፍሉን ያሸቱበታል። ሰምን ለማሽተት ብቻ የሚያቀልጥ ሰው አለ ብል አያምኑኝም፤ እኔም አላመንኩም ነበር።

እኔ ሰም የማወጣው ከጠጅ ቤት ከምሰበስበው ሰፈፍ ነው። እንደሚያውቁት ይቀቀላል፣ በጆንያ ይጨመቃል፣ ሲበርድ ሰሙ ከላይ ይረጋል። በሰኔ ሲሲ ብዙ እንግዳ ይመጣልኛል ብላ ስታዘኝ ቸኮልኩና ሰፈፉን በብረት ድስት ቀቀልኩት። ብረት ሰም እንደሚያጠቁር ጀማሪ እንኳ ያውቃል። ሰሙ ጠቆረብኝ። ሲሲ ግን በእንግዶቿ ፊት ከደብሪቱ ሰም የሚበልጥ አላየሁም ብላ ነበርና ዘንድሮ አይሆንልኝም ማለት ሞት መሰለኝ። የእርስዎ ሰም ሣጥን ውስጥ ነው። ለጊዜው ልውሰደውና ከፍልሰታ በፊት እተካዋለሁ አልኩ። ሰይጣን መቼም ለዘላለም ውሰጂ አይልም፤ ለጊዜው ነው የሚለው።

ሰሙን አቀለጥኩት። በዚህ ባበቃሁ! የገበያ ክር ሲነድ ይጨሳል፤ እሳቱም ይዘላል። የእርስዎ ፈትል እኩል ስለሆነ እሳቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ የቁመቴን ክር በመቀስ አሥራ ሁለት ቦታ ከፋፍዬ በአሥራ ሁለት ሻማ ውስጥ ከተትኩት። 

ሐምሌ አለቀ፤ የምተካው ሰም አልተገኘም። ከሱቅ ነጭ ሻማ ገዝቼ አቀለጥኩ። የፋብሪካ ሰም ለረጅም ጧፍ አይሆንም፤ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። እንዲታዘዝልኝ የበግ ሞራ ጨመርኩበት፤ ለገበያ ሻማ አንዳንዴ የምሠራው ዘዴ ነው። ንጣቱን በቢጫ እርድ ደበቅሁት። በሩቅ ላየው ሰው የማር ሰም ነው። እንደ ወጉ አጣጥፌ ጠመዘዝኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ለቄሰ ገበዙ ለአባ ሻረው አስረከብኩ። ለእርስዎም ስለቱ ገብቷል ብዬ በየኔሰው ላክሁ።

የላክሁት ቃል በየዳ ሳይደርስ ጧፉ ራሱ ተናገረ። ፍልሰታ ነው፤ ሕዝቡ እህል ሳይቀምስ ቅዳሴ ቆሟል። ወንጌል ሲነበብ ዲያቆኑ የያዘው የእኔን ጧፍ ኖሯል። መጀመሪያ ጢሱ ጠቆረ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የጥብስ ሽታ፣ በጾም፣ በቅዳሴ መካከል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። አንዲት መነኩሲት ከኋላዬ ሞራ ነው አሉ። ዲያቆኑ አጠፋው። እኔ ሃናን ታቅፌ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ቆሜያለሁ።

ጧፌ በቤተ ክርስቲያኑ ሣጥን ውስጥ ከእትዬ ታንጉት ጧፎች ጋር ተደባልቆ ስለነበር የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው አልተገኘም። ዘወትር ጧፍ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸውና ጥፋቱ እሳቸው ላይ ወደቀ። አባ ሻረው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ተቆጥተው ነበር። ከእንግዲህ በዚህ በር ጧፍ እንዳይሸጡ ተባሉ። እትዬ ታንጉት እጄ ሞራ ነክቶ አያውቅም አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቅርጫታቸውን አንስተው ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። አራስ ሳለሁ አጥሚት እየያዙ የመጡልኝ ሴትዮ ናቸው። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

በሳምንቱ የኔሰው ከእርስዎ ዘንድ ተመለሰ። ስለቱ መግባቱን ሰምተው እልል ማለትዎን፣ ጎረቤት ጠርተው ጠላ ማጠጣትዎን፣ “እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ” ማለትዎን ነገረኝ። ምርቃትዎን ተቀብዬ አሜን አልኩ። ለእኔ ዓይነቷ ሞት ሲያንሳት ነው።

ጾሙ እስኪፈታ በእትዬ ታንጉት ደጅ ማለፍ እንኳን አቅቶኝ በጓሮ ስዞር ከረምኩ። በነሐሴ ሃያ ግን ሄድኩ። ባቄላ እየለቀሙ ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ መናገር ስጀምር አንገቴን ቀና አደረጉኝ።

“ጧፍሽን በአጠማዘዝሽ ያን ጊዜውኑ አውቄው ነበር” አሉኝ፤ “በዚህ ከተማ ወደ ግራ የምትጠመዝዢው አንቺ ብቻ ነሽ። ልጅ የታቀፈች ሴት በሰው ፊት ከምትዋረድ፣ እኔ አሮጊቷ ብታማ ምን እሆናለሁ ብዬ ተውኩት።”

ከዚያ ባቄላቸውን መልቀም ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ እናቴ።

ከእሳቸው ቤት በቀጥታ ወደ አባ ሻረው ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ አባ ሻረውም እትዬ ታንጉትን ይቅርታ ጠይቀው ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ቀኖናም ሰጡኝ፤ ስግደቱን እየፈጸምኩ ነው። ቀለለኝ ብዬ ልወጣ ስል ጠርተው አስቆሙኝ። “ስለቱ የእናትሽ ነው” አሉኝ። “ለእኔ ነግረሽ ለእሳቸው ከደበቅሽ ገና አልተናዘዝሽም።”

እትዬ ታንጉት አሁን በሩ ላይ ናቸው። ሰው ግን ጧፋቸውን ሳያሸት አይገዛም። እሳቸው ያላዩ ለመምሰል ቅርጫታቸውን ያስተካክላሉ። እሑድ እሑድ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰም አሽላቸዋለሁ፤ የሚያሸት ሰው ሳይ ሞራው የእኔ ነበር እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ እኔንም ያሸተኛል።

ሲሲ ዘንድም ሄጄ ያልነደዱትን ሻማዎች መልሽልኝ ብዬ ለመንኳት። ዘጠኙን ሰጠችኝ፤ ሦስቱ ነደዋል። በሸክላ አቅልጬ ሰሙን ለብቻው አስቀመጥኩ፤ ምንም አልቀላቀልኩበትም። ክሮቹን አውጥቼ መሬት ላይ ጫፍ ለጫፍ ደረደርኳቸውና ከጎናቸው ተጋደምኩ። ከተረከዜ ተነስተው ደረቴ ላይ አለቁ። ከደረቴ በላይ ያለው ለእንግዶች እራት ነድዷል።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲደርቅ ሃናን አዝዬ፣ የተረፈውን ሰም ይዤ እመጣለሁ። ሊቆጡ ይችላሉ፤ በሩን ሊዘጉብኝም ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ፈትልዎን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ። ያን ጊዜ የለኩኝ ሳንቃ ላይ ተጋድሜ ነው፤ አሁን እፊትዎ በእግሬ ቆሜ ይለኩኝ። ጧፉን እዚያው ከእርስዎ ጋር እንሠራዋለን፤ የሚያስገቡትም እርስዎ በገዛ እጅዎ ነው።

ለወንድሜ ለሀብተ ሚካኤል የእኅትነት ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ብዙ ሸክም አሸክሜሃለሁና አትቀየመኝ። ለባለቤቱ ለአልጣሽ፣ ያ የወገቧ ሕመም ተሻላት ወይ? ለልጆቹ ሁሉ በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። ለጎረቤት፣ በተለይ ስለቱ ገባ ብለው ጠላዎን ለጠጡት ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ፤ ስመጣ ለእያንዳንዳቸው ራሴ እነግራቸዋለሁ። የሺዋስ ጉልበትዎን ይስማል። ሃናም የዚህን ወረቀት ጥግ ነክሳ ሰላም ብላለች፤ የጎደለው እሱ ነው።

ዘጠኙን ቁራጭ ክር በጨርቅ ቋጥሬ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። የኔሰው በእርስዎ እጅ እንጂ በማንም እጅ እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ሀብተ ሚካኤል ራርቶልኝ ቢዘል እንኳ፣ እርስዎ የገዛ ፈትልዎን በጣትዎ ያውቁታል።

አክባሪ ልጅዎ
ደብሪቱ

ደባርቅ፣ መስከረም ፬ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.