ኬላው ላይ የሠራሁት ጠቋሚ

ለእታለሜ ለየሺሃረግ፣

ናፍቆቴና የእማዬ ምርቃት ባለሽበት ቤሩት ይድረስሽ። ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ምሥጋናውስ ሥራ አገኘ? እኛ በእመቤታችን ቸርነት አለን። እማዬ ከሕመሟ አገግማ ትናንት በእግሯ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ተመለሰች።

እኔን ግን አንድ ነገር ልቤን እየበላው ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም።

አሥራ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ፊልም ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ዋናው ሰው ሆኜ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ የሠራሁት ሰው እየጠቆመ የሚያስይዝ ሰላይ ነበር፤ ተመልካቹ ጠላኝ፣ አዘጋጆቹ ወደዱኝ። ከዚያ ወዲያ ወይ ጠቋሚ ነኝ፣ ወይ የሐሰት ምስክር። ታክሲ ውስጥ ሴቶች ቦርሳቸውን ከእኔ ሲያርቁ እየሳቅሁ እጽፍልሽ ነበር። እንጀራዬ ነውና አልከፋኝም።

እማዬ ታመመች ብላችሁኝ ስመጣ ከጋሸና ወዲህ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። አንዱ ጠባቂ መታወቂያዬን ሳያይ ፊቴ ላይ አፍጥጦ፣ «ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ሰላይ ነው» አለ። ተዋናይ ነኝ ብል ማን ይስማኝ? ሒሻም ከሚባል የሙጃ ከተማ ልብስ ነጋዴ ጋር መጋዘን ውስጥ ዘጉብን። እሱ መታወቂያው ጠፍቶበት ነው። ሦስት ቀን አንድ ጋቢ ተጋራን። ከያዘው ቆሎ ለእኔ እያበዛ፣ «አንተ ትልቅ ነህ፣ ብርዱን አትችለውም» ይለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን አለቃቸው መጣ። ፊልሙን አይቶት ኖሯል። እውነት ተዋናይ ከሆንክ ጠቋሚውን ሠርተህ አሳየን አለኝ። ግቢው መካከል አቆሙኝ፤ ሒሻምንም አውጥተውት ነበር። እታለሜ፣ ካሜራ ፊት እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። አንገቴን ሰበር አድርጌ ዙሪያውን ቃኘሁና በአገጬ ጠቆምኩ። የጠቆምኩት ሒሻም ወደ ቆመበት ነበር። ግድግዳውን መጠቆም እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። ሁሉም ሳቁ። አለቃው ትከሻዬን መታ አድርጎ ለቀቀኝ። ስወጣ አንዱ፣ «ጠቋሚው እሱን መርጧል፣ ይኼማ ይቆይ» እያለ ሲቀልድ ሰማሁ። ሳልመለስ መኪና ተሳፈርኩ።

በተለቀቅሁ በሦስተኛው ቀን ሙጃ ሄጄ፣ ሰው ጠይቄ፣ ለሒሻም እናት ለእትዬ ዙልፋ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና «ተነሥ፣ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ። ሁለት ሽማግሌ ይዘን ኬላው ደረስን። ያሳየሁት ጨዋታ ነው፣ ሰውየው በደል የለበትም ብዬ ተናገርኩ። አለቃው በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ትወናው የቱ ነው፣ ያኛው ወይስ ይኼኛው ብሎ ጠየቀኝ። እትዬ ዙልፋ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ልጄን ሳልይዝ አልነሣም አሉ። ከሰዓት በኋላ ለቀቁት።

ሒሻም እናቱን አቀፈ፤ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆም ብሎ አየኝና አለፈ። ሰው በፊልም ምክንያት እንዲያ ሲያየኝ ኖሯል፤ የዚያን ቀኑ ግን የሚገባኝ ነበር።

አሁን ከአዲስ አበባ ሥራ መጥቶልኛል፤ ያው ጠቋሚ ነው። አሞኛል ብዬ መለስኩ። እማዬ ለምን አትሄድም እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ልንገራት ወይስ ይቅር? አንቺ የምትይኝን አደርጋለሁ።

ምሥጋናውን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። እማዬ ጎረቤትሽን ጥሩነሽን ስለላከችላት መድኃኒት ትመርቃታለች። ልጅሽን ጽጌማርያምን ሳሚልኝ። ፊልሞቼን እያየች አጎቴ ነው እንደምትል ጽፈሽልኝ ነበር፤ ለጊዜው አታሳያት።

ወንድምሽ ደግሰው
ገነተ ማርያም፣ ላስታ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.