የስዕል ክፍሉ በር

ሰኞ፣ ጥቅምት 6። ከጠዋቱ 4፡20

አሥራ ዘጠነኛውን ወረቀት አርሜ ጨረስኩ። ደብተሬ፣ ጉድ ስሚ፤ ሁሉም ደፍነዋል! ለአካል ጉዳተኛ የሚመች ሕንጻ እንዴት ይነደፋል? ራምፕ፣ ተዳፋቱ መውጫ፣ 1 ለ12። በር 90 ሴ.ሜ። መጻፍ የሚጠላው ማርቆስ እንኳ አንድ አልሳተም።

የኮሌጃችን ዲን ዘንድ ሄጄ ጉራዬን ነዛሁ። ካወቁማ የተግባር ምዘናው ይቅር አለ። አይቀርም አልኩ። ምክንያቴን ያውቀዋል፤ ብርቱካን ናት።

ብርቱካን ከበዴሳ መጥታ እዚህ ሶዶ፣ ኦቶና ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ተቀምጣለች። በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው። ድራፍቲንግ፣ የሕንጻ ንድፍ መሣል፣ መማር ትፈልጋለች። የስዕል ክፍላችን ግን ሦስት ደረጃ አለው፤ ስለዚህ የቢሮ ጽሕፈት ትማር ተብላለች። ጽሕፈት! ቤቷን ከነጣሪያው በእርሳስ ሥላ ያሳየችኝን ልጅ!

ከዲኑ ጋር ተከራክረን ተስማማን። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። እስከዚያ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ከገባች ይመዘግባታል። የተማሪዎቼ ምዘናም ይኸው ነው፤ የገዛ ክፍላችንን መግቢያ ነድፎ መሥራት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8። 9 ሰዓት

አፈርኩ። ከየት ልጀምር?

ራምፑ በሁለት ቀን አለቀ። ጣውላ፣ 5 ሜትር ከ40፣ ልኩ ልክ ነው። ብርቱካን በባጃጅ መጣች። ወጣችው። ጭብጨባ ሆነ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

የብረቱ በር ደፍ። አራት ጣት የምትሆን ብረት፣ ከታች ከግራ እስከ ቀኝ። ጎማው መታት፣ ተመለሰ። ደግማ ሞከረች። ተመለሰ።

አራት ወንዶች ሮጠው ወንበሩን ከነልጅቷ አነሱት። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰው ሲቸገር ተሸክመን እናሳልፋለን፣ ደግ የሠራን ይመስለናል። ብርቱካን አልጮኸችም።

«አውርዱኝ» አለች። «ነገስ ማን ያነሳኛል?»

አወረዷት። ዲኑ ከበረንዳው ሆኖ አይቷል። ማየቱ ባሰብኝ።

10፡30። 19ኙን ንድፍ ዘረጋሁ። በሁሉም ላይ ደፉ አለ። እንዴት አንድም ሰው አያየውም? ከዚያ የማስተምርበትን ሀንዳውት አወጣሁ። ገጽ 7፣ የበር ንድፍ፣ በገዛ እጄ የተሣለ። ደፉ ቁጭ ብሏል! ስምንት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ከእኔ ገለበጡ። እኔስ? የሶዶ በር ሁሉ እንዲያ ነው፤ እግራችንን አንስተን እናልፋለን፣ አንስተን ማለፋችንንም አናውቅም።

ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ግን አሁን አውቄያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9። ምሳ ሰዓት

ጠዋት ገጽ 7ን ለተማሪዎቼ አሳየሁ፤ ስህተቱ የእኔ ነው አልኩ። ማርቆስ፣ ታዲያ ደፉን እንቁረጠው አለ።

የብረታ ብረት ክፍሉ ጋሽ ጦና እምቢ አሉ። ደፍ የሌለው በር ይጣመማል፣ አርባ ዓመት ብየዳ ላይ ኖሬ እንዲህ ያለ አልሰማሁም ብለው ተቆጡ። ማርቆስ በወላይትኛ ቀስ ብሎ አስረዳቸው፤ ደፉ በሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ግድግዳ ላይ እስኪገባ ነው፣ ይሄ ከገባ ቆይቷል። ጋሽ ጦና መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ መቁረጫውን አነሱ።

ልጆቹ ግን ተማሩ! ሳይቆረጥ በፊት ብርቱካን ትጠየቅ አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። መጣች፣ ሌላ ጉድ አመጣች፤ በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ራምፑ ላይ ሆና ስትስበው ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ጫፉ ላይ ሜዳ ያስፈልጋታል፣ ወንበሯ የሚቆምበት። መወርወሪያውም እጇ ወደሚደርስበት ይውረድ አለች።

ሀንዳውቴ ውስጥ ይሄ የለም። አንድ ቃል የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10። 5 ሰዓት

ገባች!

ራምፑን ወጣች፣ ሜዳው ላይ ቆመች፣ መወርወሪያውን ሳበች፣ በሩን ከፈተች። ማንም አልነካትም። ማርቆስ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የቆመው፣ እንዳያመልጠው። ጎማው ደፉ በነበረበት ላይ ዝም ብሎ አለፈ። ውስጥ ገብታ ዞራ አየችን።

«ምነው ቆማችሁ? ግቡ እንጂ» አለች።

አክስቷ እልልታዋን ለቀቀችው። ጋሽ ጦና ቆባቸውን አወለቁ። ዲኑ ፎርሙን እዚያው ስዕል ጠረጴዛ ላይ ፈረመ፤ የቤተ መጻሕፍቱንስ በር መቼ ትቆርጡታላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ልጠይቀው ነበር፣ ቀደመኝ።

8 ሰዓት። ማርክ ሞላሁ። ለተግባሩ ለ19ኙም ሙሉ። የጽሑፉን ውጤት ሰረዝኩት፤ ያ ፈተና ያወቀውን ካላወቀው አይለይም። ገጽ 7 ላይ ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ለራሴ ዜሮ ሰጠሁ። ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት።

ወሰንኩ፦ ከእንግዲህ ማንኛውም ንድፍ የሚገባበት ሰው ሳይሞክረው ማርክ የለም። ሰኞ ክፍል እንጀምራለን። ከፊተኛው ጠረጴዛ ሥር አንዷን በርጩማ አውጥቼ ስቶር አስገባኋት። ብርቱካን መቀመጫዋን ይዛ ነው የምትመጣው።