የማውሱ ቀይ መብራት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ወልድያ

ዛሬ ጠዋት የፎቶ ኮፒ ቤቴ ማውስ አልንቀሳቀስ አለኝ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ወይ ፍንክች! ትናንት ቤቱን የዘጋችው ሠራተኛዬ ለተብርሃን ናት። አባቷ የመቀሌ ሰው ናቸውና ሰሞኑን ሁሉ ነገሯ ያጠራጥረኛል። ሆን ብላ አበላሽታው ነው ብዬ ለቀበሌ ልናገር ስነሣ፣ በንዴት ማውሱን ገለበጥኩት። ከሥሩ ያለው ቀይ መብራት በፕላስተር ተሸፍኗል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኳት ስትገባ።

“ቀይ መብራት ለከባድ መሣሪያ አቅጣጫ ይጠቁማል ሲሉ ሰምቼ ነዋ! እንዳያስመታን ብዬ።”

ውሸቷን መሰለኝ። ፕላስተሩን ስልጠው ማውሱ እንደ ድሮው ሮጠ። ወዲያው በቆቦ በኩል ከባድ መሣሪያ አጓራ። ሳላስበው መብራቱን በመዳፌ ሸፈንኩት።

ለተብርሃን አየችኝ። አስተያየቷስ ምን ማለት ነው?