በርበሬያችንን የሚበላው ማን ነው?

ዓርብ፣ ጥር 8

በርበሬ መብላት የማይችል ሰው በርበሬ ለምን ይገዛል? ዛሬም ባሌን አንዳርጌን ይህንኑ ጠየቅኩት። ሳቀ። እሱ ሲስቅ ደግሞ ይብስብኛል። ፈረንጆቹ የሚፈልጉት ቀለሙን ነው አለኝ፤ ቀዩን መጥጠው ለታሸገ ሥጋና ለከንፈር ቀለም ያደርጉታል አሉ። ቡሬ ሰምቶ የመጣው ወሬ ነው። እኔ ለወጥ ብዬ አርሜ ኮትኩቼ ያደረስኩት በርበሬ የሴት ከንፈር ላይ ሊወጣ! ወይ ጉድ።

እኛና ጎረቤቶቻችን በርበሬያችንን ደባልቀን ወደ ውጭ ለሚልክ ድርጅት ልንሸጥ ተስማምተናል። ተስማምተናል ስል እነሱ ተስማሙ፣ እኔ አኮረፍኩ። የቤታችን ወለል ሲሚንቶ ስለሆነ የሁሉም ጆንያ እኛ ዘንድ ተከምሯል። አንዱ ጆንያ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ የሁላችንም ይመለሳል። የቡሬ ነጋዴዎች ደግሞ ትተናቸው ስለሄድን ቂም ይዘዋል፤ ቢመለስ ማን ያነሳልናል? የክረምቱ ማዳበሪያ የሚገዛው በዚሁ በርበሬ ነው። ማዳበሪያውም ቢሆን እኛ ስሙን በማንጠራው አገር ጦርነት በተነሳ ቁጥር ይወደዳል። እነሱ ይዋጋሉ፣ እኛ እንከፍላለን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አንድ ጊዜ ሌሎች መጥተው ለነዳጅ የሚሆን ፍሬ ትከሉ ብለውን ነበር። ተከልን። የሚገዛ ጠፋ። ተክሉ እስከዛሬ አጥር ሆኖ ቆሟል፣ ፍየል እንኳ አይቀምሰውም።

እሑድ፣ ጥር 10፣ ከተራ

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያየው። የድርጅቱን ሰዎች አንድ ነገር ወድጄላቸዋለሁ። ድሮ በርበሬው መሬት ላይ ሲሰጣ ዶሮ ይመላለስበት ነበር፤ ዘንድሮ እንጨት ረብርበን ከፍ አድርገን ስላደረቅነው እንዲህ የጠራ በርበሬ አይቼ አላውቅም። ዋጋውም በስልክ ይታያል። ነጋዴው «ዛሬ ወድቋል» ሲለን አንገታችንን ደፍተን የምንመለስበት ዘመን ቀረ። መንገዱም ኔትወርኩም ክፍት ሲሆን ነው እንጂ።

አንዱ ክልክል ግን አልዋጥልሽ ብሎኛል። ጆንያ ስንሞላ ዛላው እንዳይሰባበር ውሃ እፍ እፍ ማለት ከአባት ከእናት የወረስነው ነው። እነሱ ጠብታ አይንካው አሉ፤ ይሻግታል፣ ሻጋታውም መርዝ ነው። ድርጅቱ በጠራው ስብሰባ ላይ ተነስቼ «እናቶቻችን ሲመርዙን ኖረዋል ማለት ነው?» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዳርጌ ቀሚሴን ጎተተኝ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት ደምቆ ዋለ። ወጣቶቹ አንድ ዓይነት ልብስ አሰፍተዋል፤ ያምራል። ቀረብ ብዬ ብዳስሰው ጥለቱ የታተመ ነው፣ ሸማኔ እጁ አላረፈበትም። ቻይና ነው አሉኝ። የኛን ጥለት እነሱ አትመው ለኛው ይሸጡልናል፣ እኛም ለብሰን እንጨፍራለን። ግን ርካሽ ነው፤ ሁሉም ልጅ አዲስ ለብሶ ዋለ፣ ድሮ የማን ልጅ ነበር ሁሌ አዲስ የሚለብስ? እንዲህ ሁለት ሐሳብ ሲሆንብኝ አልወድም።

አማቴ፣ የአንዳርጌ እናት፣ ከባሕረ ጥምቀቱ ጠበል ቀድተው ገቡ። ታቦቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ነው የሸኙት። በዚህ ዕድሜያቸው!

ረቡዕ፣ ጥር 13

ጉድ ሆንን።

ዮናስ የሚባለው የድርጅቱ ልጅ ከቡሬ መጣ። ዘንግ ያላት መለኪያ አለችው፤ ጆንያው ውስጥ ይሰካታል፣ እርጥበቱን ትናገራለች። የመጀመሪያውን ሰካ፣ ፊቱ ተለወጠ። ሌላውን። ሌላውን። ብዙው እርጥብ ነው። «ውሃ ነክቶታል» አለ። ባለፈው ሳምንት ሲያየው እንደ ገለባ ደርቆ ነበር።

የጎረቤቶቹ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው፤ ስብሰባው ላይ ያልኩት ትዝ ብሏቸዋል። የስብስባችን ሊቀመንበር ጋሼ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስሜን ጠርተው «የዝና፣ ቤቱ የናንተ ነው» አሉ። ምን ይጨምራሉ?

ዮናስ ለቅዳሜ ቀጠረን። እስከዚያ ከደረቀ ይወስደዋል፣ ካልደረቀ ዳግመኛ አይመጣም። አንዳርጌ ማታ ራቱን ሳይበላ «አንቺ ነሽ?» አለኝ። አሥራ ምናምን ዓመት አብሬው ኖሬ። አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ መልሼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

የምጠረጥራቸው፦

ጋሼ ታደለ። ሚዛን እንዲከብድላቸው። አፋቸው ማር ነው፣ ሆዳቸውን ማን ያውቃል።

የቡሬ ነጋዴዎች። ሰው ልከው።

ዮናስና ዘንጉ። ዋጋ ለመስበር እርጥብ ነው ብትል ማን ይከራከራታል?

አንዳርጌን አልጠረጠርኩም፤ ሰነፍ ነው፣ ውሃ የሚቀዳው እኔ ነኝ።

በርበሬውን ዳግመኛ ስናሰጣ ዋልን። ጎረቤቶቹ መጡ፣ ግን ከወዲያ ጫፍ ሆነው ይሠራሉ። እኔና አማቴ ከወዲህ። ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ ያን ውሃ የረጨ እጁ ይሰበር፣ አይደግመው እያልኩ እራገማለሁ። አማቴ ዛላውን መገልበጥ አቆሙ።

«አትርገሚ ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉኝ።

እጄ ላይ ያለው በርበሬ ወደቀ። የቃና ዘገሊላ ዕለት እኛ ደጅ ስንጨፍር የየጆንያውን አፍ እየፈቱ የጥምቀቱን ጠበል ረጭተውበታል። የሁሉንም፣ ሳያዳሉ። እኔ ከባዕድ ዓይን ሊጠብቁልን መሰለኝ። እንደኔ የጠረጠረ ሰው በማግኘቴ፣ ሐፍረት ነው እንጂ፣ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረው። እማማ፣ ፈረንጆቹን ፈርተው ነው? አልኳቸው።

«ለምን እፈራቸዋለሁ?» አሉ። «የማያውቁን ሰዎች ሊበሉት ነው። ለነሱ ከሩቅ የመጣ ነገር ነው፣ እንዳያማቸው ብዬ ነው እንጂ።»

ስንቱን ስጠረጥር ከርሜ ይህቺን አንዲት ነገር አላሰብኳትም፦ የሚበሉት ሰዎች መሆናቸውን።

ዓርብ፣ ጥር 15

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ብናገር አማቴን አዋርዳለሁ፣ ዝም ብል ስሜ ጠፍቶ ይቀራል። አንዳርጌ ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘና «እናቴን አደባባይ አታውጪብኝ» ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው።

ለካ እሳቸው ከኛ ቀድመዋል። ከቂርቆስ ሲመለሱ በቀጥታ ወደተሰጣው በርበሬ ሄዱ። ሁሉም ተሰብስቧል። መቋሚያቸውን ተደግፈው የረጨሁት እኔ ነኝ፣ የልጄን ሚስት በክፉ አትዩብኝ አሉ። ጠበል መሆኑንም ነገሯቸው።

በጠበል ላይ ማን ይቆጣል? አንዷ ሴትዮ ቀስ ብላ እጇን በበርበሬው አሻሽታ ግንባሯን አማተበች። ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሼ ታደለ ወደ እኔ ጫፍ መጥተው ሳይናገሩ አብረውኝ መገልበጥ ጀመሩ። ይቅርታ መሆኑ ነው። በቃላት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቢሆንም ተቀበልኳቸው።

ፀሐዩ ጥሩ ነው። ከሰዓት ደመና ቢጤ አለፈ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አለፈ! ሁሉም ጆንያ አለፈ። ዮናስ ዘንጉን ሲሰካ ጆንያዎቹን እየቆጠርኩ ነበር። የጠበሉን ነገር ነግረውት ኖሮ፣ ለሚገዙት ሰዎች ይህን ምን ብዬ ልጻፍላቸው እያለ ሲስቅ ነበር። አልወደድኩለትም። ሚዛኑንም አላመንኩትም፤ አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዷን አየሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

መኪናው ሄደ። አንዳርጌ አብሮ ሄዷል፤ ቡሬ ደርሻለሁ ብሎ እስካሁን አልደወለም። ክፍያው ገና ነው። የከርሞውን በርበሬ ለነሱ እንስጥ አንስጥ ገና አልወሰንኩም። ቤቱ ባዶ ሆኖ ሰፍቷል፣ ሽታው ብቻ ቀርቷል።

ማታ ወጥ ልሠራ ዘይት ሳፈስ አማቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እነዚያ ሰዎች ሲበሉት ማን እንዳመረተው ይጠይቁ ይሆን? አሉኝ። አይጠይቁም እማማ፣ እኛን በምን ያውቁናል አልኳቸው። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነው የመለስኩላቸው።

«እኛስ ይሄን ዘይት ስንት ዘመን ስንበላ ማን ደከመበት ብለን ጠይቀናል?» አሉኝ።

ጀሪካኑን ወደ መብራቱ አዞርኩት። የዘይት ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም፣ ያነበብኩት ዛሬ ነው። ከማሌዥያ ነው ይላል። ነገርኳቸው። የት እንደሆነ አልጠየቁኝም።

«እግዜር ይስጣቸው» አሉና ሽንኩርቱን አቀበሉኝ።