ውሃ መጣ ብለን የወጣን ቀን

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይወርድልሻል? ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ልብስ ስታጥቢ ጎብጠሽ ትቀሪያለሽ? ልጆቹስ? ትንሿ አሁንም ከጠዋት እስከ ማታ «ለምን?» ስትል ትውላለች? እማዬስ ከጉልበቷ ጋር ታረቀች? እኔ ደህና ነኝ። አንድ የፊት ጥርስ ጎድሎኛል እንጂ ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። የጥርሱን ነገር እነግርሻለሁ፣ አትደንግጪ።

አሁን ወደ ክንድሽ ልምጣ። እማዬ በስልክ «ከደረጃ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ» አለችኝ። እትዬ፣ የእናንተ ቤት እኮ ደረጃ የለውም። ደጃፉ ላይ ያለችው አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት፤ ከእሷ ወድቃ ክንፏን የምትሰብር ዶሮ እንኳን የለችም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ ዘንድሮ ጥፋቱ የደረጃ ሆነ። አምና ዓይንሽ ያበጠ ጊዜ የበሩ ጥፋት ነበር። እንዲህ ከሆነ እናንተ ቤት የማይማታው ባልሽ ብቻ ነው ማለት ነው። ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ። ቀጥሎ የሚሰበረው አንገትሽ እንዳይሆን ፈርቼ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት ያልላክሁትም ለዚህ ነው፤ አክስታችን በእጇ ትሰጥሻለች፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የእኔን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ቀን ቀን ልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ ይዤ አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፣ ማታ አንዲት ክፍሌ ውስጥ እገባለሁ። ያለሁበት ሕንፃ አሮጌ ነው። አንድ የብረት ቱቦ ከምድር ቤት ተነስቶ በየክፍላችን ጥግ አልፎ እስከ ጣሪያ ይወጣል፤ ውሃው ግን ወደ ላይ የመውጣት አቅም ካጣ ቆይቷል። የሚቀዳው ግቢው ውስጥ፣ ከምድር ቤቷ ጎረቤታችን ደጃፍ ካለው ቧንቧ ብቻ ነው። እሱም ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይቀራል። ስለዚህ ይህች ጎረቤታችን ውሃው ሲያንጎራጉር ስትሰማ ቱቦውን በጭልፋ ትመታልናለች። ድምፁ ሁሉም ክፍል ይገባል፤ ያን ጊዜ ባልዲና ጀሪካን ይዞ የማይሮጥ የለም።

ሴትዮዋን «ዝምታ» ነው የምንላት። ሰላምታዋ በጭልፋ ነው እያልን እንቀልዳለን። ባሏ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል፣ ክንዱ የእኔን ወገብ ያህላል። ይመታታል። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ ግን «የባልና ሚስት ነገር ነው» ይባልና ሬዲዮው ከፍ ይደረጋል። እሷም እንዳንቺ ናት። ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ትራስ ነክሳ ነበር የምትደበደበው።

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ቱቦው ተመታ። አንዴ ጓ! አለና ዝም አለ። ቆይቶ ደግሞ ደጋገመው። ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ነጠላ ጫማዬን እንኳን በወጉ ሳላጠልቅ ወረድኩ። ከሦስተኛ ፎቅ ጫማ ሰፊው ሽማግሌ ጀሪካኖቹን እያንቋቋ፣ አከራያችን ደግሞ የብረት ሳፋዋን እንደ ወታደር ቆብ ራሷ ላይ ደፍታ መጡ። ቧንቧውን ስንከፍተው ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። ሰው ሁሉ ተቆጣ። ምላሴን ታውቂው የለ፣ «ምነው፣ ጭልፋው አሳከከሽ?» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። የቱቦው ድብደባ ግን ቀጠለ። ይሄኔ አከራያችን ልትሳደብ የዝምታን በር በጡጫ ስትለው ያልተቀረቀረ ኖሮ ወለል አለ።

እትዬ፣ ያየሁትን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ባሏ በጉልበቱ ደረቷ ላይ ተንበርክኳል። ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ይዞ ራሷን ከወለሉ ጋር ያጋጫል። ደሟ በጆሮዋ ወርዶ አንገትጌዋን አርሶታል። አንዱ እጇ ግን ወደ ኋላ ተዘርግቶ ቱቦውን በጡጫ ይመታ ነበር። የጣቶቿ ቆዳ ተልጧል፤ እሷ ግን አላቆመችም።

መጀመሪያ የገባው ጫማ ሰፊው ነው። «ተው አንተ ልጅ!» እያለ ልብሱን ሲይዘው፣ ሰውየው ከጎኑ የነበረውን የብረት ዘንግ አነሳና የሽማግሌውን የእጅ አንጓ ሰበረው። ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ አንቺ ስትሰበሪ ግን የሰማ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ እኔ እኔ አልነበርኩም። በባልዲው ፊቱን አልኩት፤ ባልዲው ተሰነጠቀና ማንጠልጠያው እጄ ላይ ቀረ። እሱም አፌን በቡጢ መታኝ፤ ጥርሴ ከምላሴ ጋር ተንከባለለ። አከራያችን ሳፋውን በሁለት እጇ አንስታ አናቱ ላይ ስታሳርፈው በጉልበቱ ወደቀ።

እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። አላቆምንም። ውጭ የነበረው ሁሉ ገብቶ በጀሪካንም በእርግጫም ወረደበት። እኔም ደሜን እየተፋሁ ረገጥኩት። ስረግጠው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የባልሽ ፊት ነበር የሚታየኝ። ዝምታ ናት ያዳነችው። በአራት እግሯ እየዳኸች መጣችና መሃላችን ገብታ «በቃ!» አለች። ድምፅ እንዳላት ያን ቀን ነው ያወቅነው። «ለሱ ብዬ አይደለም፤ እናንተን በእሱ ደም አልሰጥም» አለች። ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

ፖሊስ መጥቶ እሱን ሲወስደው «ስፈታ አርዳችኋለሁ» እያለ ነበር። ለካ በጠቡ መሃል ውሃው መጥቶ፣ በከፈትነው ቧንቧ ግቢው ውስጥ ሲፈስ ኖሮ ሄዷል። አንድም ሰው ጠብታ አልቀዳም። ታዲያ የዝምታ ደም በምን ይታጠብ? እያንዳንዱ ወደ ክፍሉ ወጣና ለመጠጥ ያስቀረውን ይዞ ወረደ። አንዱ በኩባያ፣ አንዱ በጠርሙስ፣ አከራያችን በዚያችው በተቆለመመች ሳፋዋ። የሳሙና ቁራሽ አበድሮ ከርሞ የሚጠይቅ ሕንፃ ነው የምልሽ። ጫማ ሰፊው የተሰበረ እጁን ታቅፎ «እኔ ዛሬ ባልጠጣስ» እያለ ጠርሙሱን አቀበለኝ። ካጠብናት በኋላ ሁለቱንም ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሽማግሌው እጁ በጀሶ ታስሮ ተመለሰ፣ የእሷም ራስ ተሰፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተራ ገብተን አብረናት እናድራለን። የበሩም ቁልፍ ተቀይሯል፤ በሩን የሠራው እሱ ራሱ ስለሆነ ቢመጣ ከውጭ ሆኖ የእጁን ሥራ ጥንካሬ ይየው።

በእኔ ተራ አንሶላዋን እያነጠፍኩ፣ ቱቦውን ለመምታት እንዴት እንደደፈርሽ ገርሞኛል አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «የመጀመሪያውን የመታው ጭንቅላቴ ነው፤ ከቱቦው ጋር አጋጭቶኝ። ከዚያ ከላይ ባልዲ ሲያንቋቁ፣ ሲሮጡ ሰማኋቸው። ሰው እኮ አለ አልኩ። የቀረውን እኔ ነኝ የመታሁት።»

እትዬ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ልደርስልሽ አልችልም። እናታችን አትደርስልሽም፣ እሷ ደረጃ ሠርታልሻለች። ግን ሰው አለ። ክንድሽ እስኪጠገን አትጠብቂ። ልጆቹን ይዘሽ አክስታችን ጋ ግቢ፤ ይህን ደብዳቤ ስትሰጥሽ ክፍሉን አዘጋጅታ ነው የመጣችው፣ ተነጋግረናል። ከዚያ በፊት እጁን ካነሳብሽ ትራስ አትንከሺ። ጩኺ። ጠረጴዛውን ገልብጪ፣ ድስቱን በመስኮት ወርውሪ። ጎረቤት ጉድ ይበል፣ እንዲያውም ጉድ እንዲል ነው የምፈልገው። ያለ ጥርስ ሰው እንደሚኖር እኔን አይተሽ እመኚ፤ ያለ እህት ግን እንዴት እንደሚኖር አላውቅም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ብቀየማትም ትናፍቀኛለች። ለትልቁ ልጅሽ፣ ሰው ላይ እጁን የማያነሳ ወንድ እንዲሆንልኝ አደራ በይልኝ። ለትንሿ፣ «ለምን?» ማለቷን እንዳትተው፤ ማንም ዝም በይ ቢላት እንዳትሰማ። ከግድግዳሽ ማዶ ላለችው ጎረቤትሽም ሰላምታዬ ይድረሳት። አላውቃትም። ዛሬውኑ ጨው አበድሪኝ ብለሽም ቢሆን በሯን አንኳኪና ሰላም በይልኝ፣ ክንድሽንም አሳያት።

ለባልሽ የላክሁት ሰላምታ የለም። «እኔን ረሳችኝ እንዴ?» ካለ፣ አልረሳችህም በይው።

ታናሽ እህትሽ
ከዝምታ ክፍል፣ አልጋዋ ጥግ ተቀምጬ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን